የስቱዲዮው እንጨትና የአናጢዎቹ ስም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ መውጣት ተሻለዎት ወይ? የእማዬስ ዓይን? እኔ ከናፍቆታችሁና ከንዴቴ በቀር ምንም አልሆንኩም።

እርስዎ በወጣትነትዎ ከአሥራ አንድ አናጢዎች ጋር የሠሩበት ሕንፃ፣ ሬዲዮውና ቲያትር ቤቱ በአንድ ጣራ ሥር ያሉበት፣ ዘንድሮ ሃምሳ ዓመት ሞላው። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ለበዓሉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እኛ “መቀስ” ነው የምንለው፤ ሪባን ከመቁረጥ ሌላ ሥራ ሲሠራ ያየው የለም። የትልቁን ስቱዲዮ የእንጨት ግድግዳ “ያረጀ ሳጥን ይመስላል” ብሎ አስነቀለና የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አስለጠፈበት። እንጨቱ ድምፅ እንዳያስተጋባ ተብሎ እንደዚያ መሠራቱን ብነግረው፣ “አንቺ ድምፅሽን ቅጂ፣ ውበቱን ለእኔ ተይው” አለኝ። ውበት! መታጠቢያ ቤት አስመስሎት አረፈ።

እንጨቱ ሲነቀል ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ አየሁ፤ የአሥራ ሁለታችሁ ስም። የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ወዲያው ለየሁት፤ ስሞቹንም ሁሉ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ።

መቀስ ያሳተመው የታሪክ መጽሔት የራሱን ፎቶ ዘጠኝ ቦታ ሲደረድር፣ ስለ አናጢ አንድ መስመር የለውም። በበዓሉ ቀን የሬዲዮው አንባቢ ጉሮሮዋን አሟት፣ የመጽሔቱን ታሪክ በቀጥታ ስርጭት አንብቢ ተባልኩ። አነበብኩ። ስጨርስ ወረቀቱን አጠፍኩና የአሥራ ሁለታችሁን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። ቲያትር ቤት ሆነው ያዳምጡ የነበሩት ተዋንያን ተነሥተው አጨበጨቡ አሉ። ቀጥሎ መቀስ ከዚያው ከትልቁ ስቱዲዮ ተናገረ፤ ሴራሚኩ እያንዳንዷን ቃል እየመለሰ ስላንባረቀበት ምን እንዳለ የገባው ሰው የለም።

በማግስቱ “ከዚህ ወዲያ እዚያ ቅጂ” ብሎ ምድር ቤት ያለው መጋዘን ውስጥ ወረወረኝ። እንጨታችሁም እዚያው ተጥሎ ነበር። ከቲያትር ቤቱ አናጢ ጋር ሆነን ዙሪያውን አቆምነው፤ ድምፁ ጥርት አለ። አሁን ድራማው ሁሉ የሚቀዳው እዚህ ነው፣ ላይኛው ስቱዲዮ ድርሽ የሚል የለም። ባለፈው ማክሰኞ መቀስ ራሱ ንግግሩን እንደገና ሊቀዳ ወረደ። ዓይኔን ሳያይ፣ “ይሰማል?” አለኝ። “እዚህ ይሰማል” አልኩትና መቅጃውን ከፈትኩ።

እማዬን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን፣ ባሏን፣ መንትዮቹንም ሰላም ይበሉልኝ። ከአሥራ ሁለቱ በሕይወት ያገኙትን ሁሉ፣ ስምህ በሬዲዮ ተጠርቷል ይበሉልኝ።

ልጅዎ፣ ድምፅ ቀጂዋ
ከምድር ቤቱ፣ ሐሙስ ግንቦት 9 ቀን