ደህናው የመንጌ መስመር

ዓርብ፣ ግንቦት 1፣ ጠዋት 2፡30

የፕሮፖዛላችን ሠንጠረዥ አራት አለቀ! ደብተሬ፣ እፎይ በይ። መብራት የተቋረጠበትን ሁሉ ከማከፋፈያ ጣቢያው የተረኞች መዝገብ ላይ መስመር በመስመር ገለበጥኩት። ዓይኔ ቀላ። የባምባሲ መስመር በሽተኛ፣ የመንጌ ደህና። እንዲህ ጥርት ያለ ውጤት ገምጋሚ ይወዳል። የብልሽት ጠቋሚዎቹ ባምባሲ ይሰቀላሉ። (ሽቦ ላይ የሚንጠለጠሉ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፤ መስመሩ የት ጋ እንደተበላሸ በስልክ ይናገራሉ።) መንጌ ለማነጻጸሪያ።

ድጋፉ የመንግሥት ነው፣ የኤሌክትሪክ መስመር ለማዘመን ለሚሠራ ምርምር። ገምጋሚዎቹ የዛሬ ሳምንት አሶሳ ይመጣሉ። ካለፍን ሥራ አለኝ። ካላለፍን የረዳትነት ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ባምባሲ፣ እናቴ ሱቅ፣ ቁጭ። እናልፋለን ግን።

አማካሪዬ ዶ/ር ያሬድ አንድ ነገር ጎደለ አሉ፦ የደህናው መስመር ፎቶ። ሰኞ መንጌ እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ከቀኑ 8፡00፣ መንጌ

ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሜ ነው የምጽፍሽ። ፎቶውን አነሣሁ። ምሰሶው ቀጥ ያለ፣ ሽቦው ውጥር፣ ከኋላ የቀርከሃ ጫካ። ቆንጆ።

ከዚያ ነፋስ መጣ። ዝናብ የለም፣ ነጎድጓድ የለም። አንድ ጎልማሳ ረጅም ዘንግ ይዞ ከሻይ ቤት ወጣ። ምሰሶው ሥር ቆመ፣ ቀርከሃውን ቀና ብሎ አየ፣ በዘንጉ የመስመሩን ፊውዝ ስቦ አወረደው፤ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ጸጥ። እህል ይዞ ከተሰለፈው ሰው ማንም አልደነገጠም!

የወፍጮው ባለቤት ሐጃ ዘሃራ ብቻ ጮኹ፦ «አጣሂር! ገና ቅጠል ሳይነቃነቅ?»

ባለዘንጉ፦ «ሐጃ፣ ሽቦ መሬት ሲወድቅ አንተ ታነሣለህ?»

ሰልፉ ሳቀ። ሐጃ ከሰል አነሡ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ጭረት ጫሩ፣ በክብ ከበቡት። ያኔ ነው ግድግዳውን ያየሁት። ከወለል እስከ ትከሻ ጭረት በጭረት። ጠየቅኩ። መብራት ሲሄድ እህሉ ወፍጮው ውስጥ የቀረ ሰው፣ ሲመጣ የመጀመሪያው ተራ የሱ ነው። ጠብ እንዳይነሣ ይጭራሉ፣ ከጎኑ የሰውየውን ምልክት ያኖራሉ። ክብ ያለበት አጣሂር በእጁ ያጠፋው ነው። ክብ የሌለው ራሱ የሄደው። ምሰሶው ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ አያመልጣቸውም።

ክብ፣ ክብ፣ ክብ። አንዱም ሠንጠረዤ ላይ የለም።

11፡00፣ ሚኒባስ ውስጥ

አጣሂር የመብራት ሠራተኛ ነው፣ የመንጌን ቅርንጫፍ መስመር ብቻውን የሚጠብቅ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔንም እንደ ሐጃ «አንተ» ይለኛል፤ ወደድኩት። እንዲህ አለኝ፦ ነፋስ ሲነሣ ቀርከሃው ሽቦ ላይ ይተኛል። ሽቦው ይበጠሳል። የት ጋ? ለማወቅ መስመሩን ተከትሎ ቀኑን ሙሉ በእግር። አንድ ክረምት የወደቀ ሽቦ የጎረቤቱን በሬ ገደለ፤ የጎረቤቱ ልጆች ከበሬው ኋላ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አይጠብቅም። ጫካው ሲንሿሿ ፊውዙን ያወርዳል።

ጣቢያው ይህን አያውቅም። መዝገብ የሚገባው ዋናው መስመር ሲቋረጥ ብቻ ነው። መንጌ ወረቀት ላይ ደህና የሆነችው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ነፋስ ስለሚያዳምጥ ነው።

ሠንጠረዥ አራት ውሸት ነው። ያውም በእኔ እጅ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፣ ጠዋት 4፡00

ለዶ/ር ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ገምጋሚዎቹ ፕሮፖዛሉን አንብበውታል፤ በዚህ ሳምንት ቦታ መቀየር አለመብሰል ይመስላል፤ ወደፊት ይጠናል ብለሽ እለፊው አሉ። ተከራከርኩ። ጉባ ያን የሚያህል ግድብ ቆሞ እዚሁ ክልል ውስጥ ወፍጮ በነፋስ ይቁም? አልተቆጡም። ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ ሠራተኛው ያለ ፈቃድ ያጠፋል ብለሽ ስትጽፊ፣ ሰውየው ምን ይሆናል?

ይህን መመለስ ያለበት አጣሂር ነው። ነገ መንጌ እመለሳለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6፣ ከቀኑ 9፡00

እንደገና መንጌ። የዶ/ርን ጥያቄ ለራሱ ለአጣሂር አቀረብኩለት። እሱ መጀመሪያ ስለ ጠቋሚው ዕቃ ጠየቀኝ። ሽቦው የተነካበትን ቦታ በእውነት ይናገራል? አዎ፣ የምሰሶውን ቁጥር ስልክህ ላይ ይልካል። በነፋስም? በነፋስም።

«ጻፍ» አለ። «ግን ተደብቆ ያጠፋል አትበል። ሰው እያየ ነው ያጠፋሁ።»

ሐጃ ዘሃራ ከውስጥ፦ «ካባረሩት እኔ ጋ ይፈጫል። ዘንጉን ግን ውጭ ይተዋል!»

እዚያው ፊቴ አለቃው ጋ ደወለ፣ ሁሉንም ነገረው። እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። አለቃው፦ ሁላችንም እናውቃለን እኮ፣ የጻፈው ሰው ነው የጠፋው። ለዓርብ ፈቃድ ሰጠው። አጣሂር ራሱ መጥቶ ገምጋሚዎቹ ፊት በአፉ ሊናገር ነው።

በደስታ ሚኒባሱን አልፌው ልሄድ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፣ ከቀኑ 10፡00

ሠንጠረዥ አራት ተሰረዘ። በቦታው የግድግዳው ፎቶ ገባ፣ ጭረቶቹም ተቆጥረው፣ ክብ ያላቸውና የሌላቸው ለየብቻ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ጠቋሚዎቹ መንጌ ይሰቀላሉ። ግቡም ተቀየረ፦ አጣሂር ዘንጉን የሚያነሣበትን ቀን መቀነስ። ሽቦው የተነካበትን ምሰሶ ስልኩ ከነገረው፣ ጫካው በተንሿሿ ቁጥር ማጥፋት የለበትም።

ዶ/ር ቆመው ማንበብ ጀመሩ። መሐል ላይ ወንበር ሳቡ። ፈረሙ። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ የድሮው ሠንጠረዥ ለምን ተሳሳተ ብለው ነው፣ እኔ አልመልስልሽም አሉ። እመልሳለሁ። ጣቢያ ቁጭ ብዬ መዝገብ ስለገለበጥኩ፣ መንጌ ስላልሄድኩ። በቃ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፣ ጠዋት 3፡10፣ ኮሪደር ላይ

ከፊታችን አንድ ቡድን አለ። አጣሂር ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ዘንጉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ ከመንጌ አመጣው! ለማቅረብ ከተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ የመጀመሪያዎቹን አምስት ለሱ ሰጠሁ። ዶ/ር አያውቁም። አይ፣ አሁን ነገርኳቸው።

 

በሩ ተከፈተ። ጥበቃው ዘንግ አይገባም አለ። አጣሂር፦ «እሱ ካልገባ እኔ ምን አወራለሁ?» ዶ/ር ያሬድ ተነሡ፣ ዘንጉን በአንድ ጫፍ ያዙት፣ እኔን በዓይናቸው ግቢ እያሉኝ ነው፣ ደብተሬ፣ ስማችንን ጠሩ፤ ዘንጉም አብሮን ሊገባ ነው።