እማዬ፣ የብዙነሽን ልጅ ክርስትና አነሳሁ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ከተለየሽን ነገ ዓመት ይሞላል። ጎረቤቱ ሁሉ ለሙት ዓመትሽ ዳስ ሲጥልና ማገዶ ሲፈልጥ ዋለ። እኔ ግን የሆነውን ለአንቺ ሳልነግር ድግሱ ውስጥ መግባት አልሆነልኝም። ስለዚህ ኮረሪማ ከምንጠቀልልበት ወረቀት ባዶ ጀርባ ያለውን መርጬ ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት በዚሁ ወረቀት መሆኑን ታውቂያለሽ። አንቺ ገበያተኛ ስታስተናግጂ እኔ ከጀርባሽ ሆኜ ግማሹ የተቀደደውን ገጽ አነብ ነበር፤ የጎደለውንም ከራሴ እሞላው ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው። ከጓሮ የነበሩትን ባሕር ዛፎች ጣሊያኖች ቆርጠው ወሰዷቸው፤ አሁን ከደጃፋችን ቆሜ እስከ ገበያው ድረስ ይታየኛል። ካሚዮኑ ቀኑን ሙሉ ወደ ምዕራብ ስለሚያልፍ አቧራው ያሰጣነው ዝንጅብል ላይ ያርፋል። እነ ብዙነሽ ያሉበት ጠጅ ቤት በር ላይም ቢጫ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ የወታደር ቤት መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ሴቶቹን እየሰበሰቡ ወደ ሐኪም ይወስዷቸዋል፤ የሚታሰበው ግን ለወታደሮቹ ጤና እንጂ ለእነሱ አይደለም።

ልጆቻቸው ዛሬም ጧት ጧት ይመጣሉ። አንቺ ስትሞቺ የሚቀሩ መስሎኝ ነበር። ከቀብርሽ በኋላ አንድ ጧት በሩን ስከፍት እንደ ወትሮው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንዷ ቀና ብላ፣ «እማማ ዘነበች ባይኖሩም ኮረሪማው አለ አይደል?» አለችኝ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ቤት ውስጥ ተቀምጠው እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ይፈለፍላሉ፣ ይጣላሉ፣ የፈለፈሉትን ደግሞ መልሰው ይደፉታል። ሥራው ሰበብ እንደነበር አሁን ገብቶኛል። አንቺ የፈለግሽው እናቶቻቸው ሰው ሲያስተናግዱ ልጆቹ እዚያ እንዳይኖሩ ነበር።

እነዚያን ሴቶች አንድም ቀን «ይህን ሥራ ተዪ» ስትያቸው ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ለምን እንደማትነግሪያቸው ብጠይቅሽ፣ «ተዪ የሚላትማ መች ጠፋ? ልጇን የሚይዝላት ነው የጠፋው» አልሽኝ። ስለ ክርስቶስም የምትናገሪው ራሳቸው ሲጠይቁሽ ነው፤ ያውም እጅሽ ሥራ ሳይፈታ፣ ስለ አንድ ደግ ጎረቤት እንደምታወሪ አድርገሽ። አንዳንዷ ወጣች። ብዙዎቹ አልወጡም። ይህ ያበሳጨኝ ነበር፤ ድካምሽ ሁሉ ፍሬ የሌለው ይመስለኝ ነበር። አሁን ስለ ፍሬው መናገር ፈራሁ፤ የማየው ከጎን ሆኜ ስለነበር ብዙ ነገር አምልጦኛል።

አንቺ ራስሽ ከከፋ ምድር በልጅነትሽ ከዘማች ጓዝ ጋር የመጣሽ፣ እናትሽን በመልክ እንኳ የማታስታውሺ ሴት ነበርሽ። ክርስትና ያነሱሽ የማታውቂያቸው ወይዘሮ ናቸው። «ዘመድ ያገኘሁት ያን ቀን ነው» ትይ ነበር። ለእነዚያ ሴቶችም ከሁሉ በፊት የሰጠሻቸው ይህንኑ ነው። ሴት ልጆቻቸውን ክርስትና እያነሳሽ አበልጆችሽ አደረግሻቸው። አበልጅ ደግሞ ዘመድ ነው፤ በዓመት በዓል ቤት ይገባል፣ ከሰው እኩል ይቀመጣል፣ ሲታመም ይጠየቃል። ሰፈሩ እያጉረመረመ ቻለሽ። እኔ ግን ፋሲካ በመጣ ቁጥር እነሱ ሲገቡ እየሸሸሁ ጓዳ ሥራ እፈልግ ነበር።

የብዙነሽን የመጀመሪያ ልጅ ታስታውሻለሽ። ልታነሻት ቀሚሷን አሰፍተሽ ሰማንያ ቀኗን ስትጠብቂ ሞተች። ያልተጠመቀች ናት ተብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ወንዙ ዳር ተቀበረች።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ብዙነሽ ሌላ ሴት ልጅ ወለደች። አባቷ የካሚዮን ነጂ ጣሊያን ነው፤ ወደ ጅማ መንገድ ተዛውሮ በዚያው ቀረ። አራስ ቤት ሳልጠይቃት ቆይቼ አንድ ቀን በራችን ላይ ልጅቱን ታቅፋ መጣች። «ለክርስትናዋ እማማን ነበር የማስበው፤ ሞት ቀደመኝ» አለች። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስስብ አይታኝ ሳቀች። «አይዞሽ፣ አንቺን አልጠይቅሽም! አንቺ እንኳን የሰው ልጅ ክርስትና ልታነሺ፣ ነጠላሽ ቢወድቅ ሰው አየኝ ብለሽ ትተሽው የምትሄጂ ነሽ።»

እውነቷን ነው። አለመጠየቋም አሳረፈኝ። ምክንያቱ ግን ዓይን አፋርነቴ ብቻ አልነበረም።

ምክንያቱ ወንድሜ ደስታ ነው፣ እማዬ። ጣሊያንን ሊወጋ ከእትዬ አስካለ ልጅ ጋር ወደ ጫካ ከገባ በኋላ ሁለቱም እንደወደቁ ወሬው መጣ፤ ሬሳቸው ግን አልመጣም። አንቺ ጥቁርሽን ሳታወልቂ ሞትሽ። የሕፃኗን ቀላ ያለ ፀጉር ባየሁ ቁጥር ደስታ ይመጣብኛል። አባቷ መሪ የሚጨብጥ እንጂ ጠመንጃ የሚይዝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልቤ ግን ይህን አይለይም።

ከዚያ ሕፃኗ ታመመች። ጡት አልይዝ አለች፣ ድምጿም እየሟሸሸ ሄደ። የቤተ ክርስቲያኑ አባ ከታመመችስ ሰማንያ ቀን አይጠበቅም፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ አምጧት አሉ። ነገር ግን ብዙነሽ ራሷ ገና ቀኗ ስላልሞላ ከቅጥሩ በር ማለፍ አትችልም። ልጅቱን ይዛ የምትገባ ክርስትና እናት ታስፈልጋለች። ብዙነሽ በሰፈሩ ያንኳኳችውን በር ሁሉ እሷ ታውቀዋለች። አንዷ አመመኝ አለች፣ አንዷ ባሌን ልጠይቅ አለች። በመጨረሻ እኛ ቤት መጣች። ያን ቀን ቀልድ አልነበራትም።

«አማረች፣ ወንዙ ዳር ሁለተኛ አላስቆፍርም» አለችኝ።

እትዬ አስካለ ዝንጅብል ሊገዙ መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ብዙነሽ ስትሄድ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ። በማኅበራችን የሁላችን ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ ክፉ ሴት አይደሉም። «እናትሽ ያነሱት የአገር ልጅ ነው» አሉኝ። «ይቺን ብታነሺ ደስታን ምን ትይዋለሽ? የእኔን ልጅስ? የገደሏቸውን ሰዎች ልጅ ታቅፈሽ ማኅበር ልትመጪ ነው?»

ዝንጅብላቸውን መዝኜ ሰጠኋቸው። ይዘው ሄዱ።

አንቺን ለመጠየቅ እንዴት እንደፈለግሁ! አንቺ የየትኛዋንም ልጅ አባት ጠይቀሽ አታውቂም። ይህን ለሴቶቹ ክብር ስትይ የምታደርጊው ይመስለኝ ነበር። ኮረሪማ እየለየሁ ሳስበው ግን ሌላም ነገር አየሁበት፤ ልጅ በአባቱ ሥራ እንዳይመዘን አስቀድመሽ ቆርጠሽ ነበር መሰለኝ። ነገር ግን የደስታን ገዳዮች ልጅ ማንም እጅሽ ላይ አላስቀመጠብሽም። ምን ታደርጊ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት አንቺም ፊትሽን ታዞሪ ነበር። ምናልባት አልቅሰሽ ታነሻት ነበር። ሰው ሁሉ «እናትሽ ቢኖሩ እንዲህ ባሉ» ይላል፤ እኔ ግን በአንቺ አፍ መናገር ደፍሬ አላውቅም። ስለዚህ ያደረግሁትን ያደረግሁት በራሴ ነው። አጥፍቼ ከሆነም ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጧት ተነሥቼ እህል ሳልቀምስ ብዙነሽ ዘንድ ሄድኩ። ወደዚያ ቤት ስገባ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ሴቶቹ ሲያዩኝ አንዷ «እንዴ! የእማማ ዘነበች ዝምተኛ!» ብላ ተነሥታ በርጩማ በቀሚሷ ጠረገችልኝ። አልተቀመጥኩም። «ልጅቱን ስጪኝ» አልኳት። ብዙነሽ ሰጠችኝ፤ እንደ ቅጠል ቀላል ነበረች።

ብዙነሽ ከቅጥሩ በር ላይ ቀረች፣ እኔ ገባሁ። አባ ወደ ምዕራብ አዙረው ስለ ልጅቱ ሰይጣንን እንድክድ አዘዙኝ። ያሉኝን ተከትዬ አልኩ። «አልሰማሁም» አሉ። ደገምኩት። አሁንም አልሰሙኝም። «ምን ነካሽ፣ ልጄ! ሰይጣንን እየካድሽ ነው ወይስ በጆሮው እያማከርሽው?» ሲሉ ዲያቆኑ ሳቁን ለመያዝ አንገቱን ደፋ። በሦስተኛው ጮኬ አልኩት መሰለኝ፣ ልጅቱ ነቅታ አለቀሰች። ያን ለቅሶ ብዙነሽ ከበሩ ሆና ሰምታው ኖሮ፣ ያን ሁሉ ቀን የልጇ ድምጽ ጠፍቶ ስለነበር፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች አሉኝ።

ወለተ ኪዳን ተባለች። እዚያ አባቷ ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ውኃው ሲነካት እጇን ዘርግታ ነጠላዬን ጨበጠች፤ በዚያች ቅጽበት ስለ ፀጉሯ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። በኋላ አሰብኩ፤ አልዋሽሽም። ዛሬም አንዳንድ ቀን ይመጣብኛል። ግን እሷን እንደታቀፍኩ ነው የሚመጣብኝ።

ከበሩ ስወጣ ብዙነሽ ልጇን ተቀበለችኝና፣ «እንግዲህ ብታፍሪም ባታፍሪም አበልጄ ነሽ» አለችኝ። ልትስቅ ጀምራ አልጨረሰችውም።

ልጅቱ ዳነች። አሁን ትድሃለች፣ ጧት ጧትም ከሌሎቹ ጋር ትመጣለች። ብዙነሽ ግን እዚያው ቤት ናት። ትወጣለች ብዬ ልጽፍልሽ በወደድኩ። የምትወጣበትን ቀን እሷም አታውቀውም፣ እኔም አልጠይቃትም። ማኅበራችን ደግሞ ተራዬ ሲደርስ ዘሎኝ አለፈ። ጽዋው ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደ፣ በቃ። የአንቺ ቦታ ስለነበር አመመኝ።

እትዬ አስካለ ትናንት ሰው ላኩብኝ። «ለእናትሽ ስል እመጣለሁ፤ እነዚያ ዳስ ውስጥ ከተቀመጡ ግን ከበር እመለሳለሁ» አሉኝ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ራሴ ቤታቸው ሄድኩ። «እትዬ፣ የእርስዎ ቦታ አለ፣ የብዙነሽም አለ። አንዳችሁን አስነሥቼ ሌላችሁን ላስቀምጥ አልችልም፤ ሁለታችሁም የእናቴ ሰዎች ናችሁ» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣሽው?» አሉኝ። የሚያለቅሱበት መቃብር የላቸውም እኮ፣ እማዬ። አልፈረድኩባቸውም። ልወጣ ስነሣ፣ «ልጅቱን ማን አሏት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እመጣለሁም አልመጣም ሳይሉኝ በራቸውን ዘጉ።

ይምጡ ይቅሩ አላውቅም። ቦታቸውን ግን ለማንም አልሰጥም፤ የብዙነሽንም እንደዚሁ።

ነገ አባ ፍትሐት ሲያደርጉ ስምሽ ይጠራል፣ ሰዉም በልቶ ጠጥቶ ይበተናል። እኔ የማስብሽ ግን በዚያ ብቻ አይሆንም። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አነሳለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ የአንቺ ጉልበት የለኝም። ነገር ግን ከዚያ ቤት አንዲት ሴት ወልዳ ልጇን የሚያነሳላት ሰው አጥታ በራችን ላይ ከቆመች፣ ጓዳ ሥራ አልፈልግም። ወጥቼ እቀበላታለሁ። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስሽ እንዲህ ነው።

ልጅሽ አማረች