የገለምሶው ቀይ ክር

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ አሰበ ተፈሪ

እግሬ አብጧል። ቀኑን ሙሉ የስልክ ሽቦዎቹ ሳጥን ፊት ቆሜ ዋልኩ።

ነገ ከሐረር አለቆች ይመጣሉ ተብሎ ጠዋት ቢሮው ሲጸዳ፣ ኦፕሬተራችን ዘይነባ ሽቦዎቹ ላይ ያሰርኳቸውን ክሮች በሙሉ እየፈታች ጣለቻቸው። ቀዩ የገለምሶ፣ አረንጓዴው የመቻራ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ የገለምሶ መስመር እንደ ልማዱ ጠፋ። ከዚያ ሁሉ ጥቁር ሽቦ መሀል የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ቆሻሻ መስሎኝ ነው። ለምን ወረቀት ላይ አልጻፉትም?» አለችኝ።

«ጊዜ አጥቼ» አልኳት። ውሸቴን ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። ከጻፍኩት ማን ይፈልገኛል ብዬ ነው።

ሐጂ ዩሱፍ ከጠዋት ጀምረው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ገለምሶ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ ናት። አንድ ሽቦ በሞከርኩ ቁጥር ሙስበሃቸውን መቁጠር ያቆሙና ቀና ብለው ያዩኛል። አንገቴን እየነቀነቅሁ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ መስመሩ ተገኘ። ልጅቷ በሰላም ተገላግላለች፣ ወንድ ነው። ሐጂ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

«አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?»

ያን ሁሉ ዓመት ያልጻፍኩት ይህችን ቃል ለመስማት ነበር። ዛሬ ስሰማት መሬት መሬት አየሁ።

ዘይነባ ወረቀትና እርሳስ ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። ወረቀቱን ሳልቀበላት፣ ክሮቹን ከጣለችበት ለቅሜ መልሼ አስሬ ወጣሁ።