ከሙሜ በሬ ኋላ የተነሣሁት ፎቶግራፍ

ለተወደድከው ወንድሜ ለተሻለ፣ አስመራ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ የደጋ ብርድ ደረትህን ተወት አደረገልህ ወይ? አዳነችስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከወገቤ ቁርጥማት በቀር፣ ሥላሴ ይመስገኑ፣ ደኅና ነኝ።

ለአዲስ ዓመት መጥተህ ያነሣኸኝ ፎቶግራፍ ደረሰኝ። የጳጉሜን ጠበል እንዳያመልጠኝ ወንዝ ወርጄ ስታጠብ፣ የጎረቤቴ የሙሜ በሬ ጋቢዬን በቀንዱ አንጠልጥሎ ሲሄድ፣ እኔም እርቃኔን ጅራቱን ይዤ ስከተል፤ የጋረደኝ የበሬው ታፋ ብቻ ነው። የተራቆተ ሰውና ከብት አንድ ላይ እያነሣህ ሰዉን የምታስቅበት ሥራ እንዳለህ አውቃለሁ። ግን ይህን በከተማችሁ ትርኢት ልስቀለው ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ተቆጣሁ። ሚስቱን የቀበረ የሰንበቴ ማኅበርተኛ በስተርጅና መሳቂያ ይሁን? ልቀድደው ብል እጄ እንቢ አለኝ። ሰው እንዳያየው ከዳዊቴ ውስጥ ሸሸግሁት።

ባለፈው እሑድ የባለቤቴን የሳህሊቱን የሰባት ዓመት ተዝካር አወጣሁ። የነፍስ አባታችን መምሬ ሞገስ ዳዊታቸውን ረስተው ኖሮ የእኔን ከማኅደሩ አውጥተው ቢገልጡት፣ ፎቶግራፉ ከሰዉ መካከል ዱብ! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሙሜ ለእስላሞቹ ጎረቤቶች ለብቻ ያረደውን ሲያድል ነበርና ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ «በሬውስ የኔ ነው፤ ይሄ ኋላው ያለው የማን ነው?» አለ። መምሬም አየት አድርገው፣ «ኢዮብ እንኳ የተራቆተው ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ አንተ ከብቱ ሳይጎድል ምን ነካህ?» አሉኝ። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

እኔ የፈራሁት አማቴን እማማ ባየችን ነበር። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ጥርሳቸው ታይቶ አያውቅም። ፎቶግራፉን ተቀብለው ብዙ ቆዩበት። ኋላ እየሳቁ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «ስትስቅ እኮ ነው! ልጄ ያገባችው ይሄን ሰውዬ ነበር» አሉኝ።

እውነትም፣ እርቃኔን ብቻ ሳይ ፊቴን ሳላየው ከርሜአለሁ። አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቷል። ሳቄን ከሳህሊቱ ጋር የቀበርኩት መስሎኝ፣ ሰባት ዓመት ኀዘንን እንደ ጾም ይዤ፣ መግደፍ ኀጢአት ይመስለኝ ነበር። አንተ አስገደፍከኝ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ስቀለው፣ ፈቅጃለሁ። ከሥሩ ግን የእኔን ስም ትተህ «የሙሜ በሬ» ብለህ ጻፍ። ሙሜ ገለምሶ ገበያ ወስዶ ሊሸጠው የነበረውን በሬ፣ አስመራ ድረስ ስሙ የሚጠራ ከብት አይሸጥም ብሎ አስቀርቶታል።

አዳነችን እጅ ነሥቻለሁ። ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ሙሜና ባለቤቱ ረዲያ ሰላም ብለውሃል። እማማ ባየች ይመርቁሃል። ለእኔ ሌላ ቅጂ ላክልኝ፤ የእኔን እሳቸው ወስደው ከሳህሊቱ ፎቶግራፍ ጎን ሰቅለውታል።

ታላቅ ወንድምህ ዘገየ
አሰበ ተፈሪ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.