የፒያኖ ቃኚያችን ኅልፈትና ያልተገኘው አራተኛ ደብተር

የቴአትር ቤቱ ሙዚቀኞችና ሠራተኞች ማኅበር፣ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት በፒያኖ ቃኚነት ያገለገሉት፣ ሁላችንም «ጋሼ ጆሮ» የምንላቸው ባልደረባችን ማክሰኞ ረፋድ ላይ ማረፋቸውን የሚገልጸው በከባድ ሐዘን ነው። አስተዳደሩ «በድንገተኛ ሕመም» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። እኛ የምናውቀው ግን ወደ ዕቃ ቤት በሚወርደው ደረጃ ሥር ወድቀው መገኘታቸውን ነው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ሐኪም ገና አላያቸውም ነበር።

በተቀጠሩበት ዓመት ጣሪያው ያፈስ ስለነበር፣ ትልቁን ፒያኖ የገዛ ካፖርታቸውን አልብሰው ከዝናብ አድነዋል።

ከሃያ ዓመት በፊት የቴአትር ቤቱን ታሪክ መጻፍ ጀመሩ። የዘጠና ዓመቱን ጉዞ፣ መድረኩ ላይ የቆሙትን ዘፋኞችና የኦርኬስትራ መሪዎች፣ የተቃጠለውን መጋረጃ ሳይቀር፣ ከአሮጌ ፕሮግራሞችና ከጡረተኞች አፍ ለቅመው በአራት ደብተር አሰፈሩ።

አምና አዳራሹ ሲታደስ፣ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ የነበረው ፒያኖ «ለጥገና» ወጥቶ ከሰባት ወር በኋላ ተመለሰ። ጋሼ ጆሮ ሁለት ቁልፍ ነክተው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ ስልክ ደውላ ገና ‹ሄሎ› ስትል አላውቃትም? ይሄ የእኛ አይደለም!» አሉ። ዋና ሥራ አስኪያጁ «ጋሼ፣ ጆሮዎ ደክሟል» ብለው ወደ ካፖርት ማስቀመጫ ክፍል አዛወሯቸው።

ሰኞ ዕለት ጋሼ ጆሮ ለሊቀመንበራችን፣ የመጀመሪያው ቃኚ የቀድሞው ፒያኖ ውስጥ በእርሳስ ፈርሞ እንደነበረ፣ የፊርማውም ቅጂ በአራተኛው ደብተር ላይ እንዳለ ነገሯቸው። «ዕቃ ቤት አስቀምጬዋለሁ፤ ነገ አመጣዋለሁ። ፒያኖውን ከፍተን እናስተያይ» አሉ። በማግስቱ አረፉ። ደብተሩ የለም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀይሯል። ፒያኖው ይከፈት ብለን ብንጠይቅም «ለኮንሰርት ስለተዘጋጀ አይነካም» ተባልን። ማንንም አልወነጀልንም፤ የተሰጠን ምክንያት ግን ውሃ አያነሳም።

ስለዚህ ፒያኖው በቤተሰባቸውና ከውጭ በሚመጣ ቃኚ ፊት እስኪከፈት ድረስ፣ አስተዳደሩ ባዘጋጀው የመታሰቢያ ኮንሰርት ላይ አባሎቻችን አይጫወቱም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸውና አብረዋቸው ለደከሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ባለቤታቸው አስተዳደሩ የላከውን የአበባ ጉንጉን ትናንት ከበር መልሰውታል። «አበባ አልጠፋብኝም፤ ደብተሩን አምጡ» ብለዋል። የማኅበሩም ቃል ይኸው ነው።