ኩሽናዬን ቢሮ ላደረጉት ሥራ አስኪያጅ

የለም ጌታዬ፣ ልጄ አይደለችም ያስጻፈችኝ። ብታውቅማ ስልኩን ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ ስልኩ ይጽፋል፤ ፊደል ቢስት በእሱ ይፍረዱ። ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግሁት ደግሞ፣ ለብቻዎ ብልከው ሥራ ስለሚበዛብዎት ሳያዩት እንዳይቀር ብዬ ነው።

ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ ደኅና ነው? ይህን ሁሉ ሰው በካሜራ ሲጠብቅ የሚውል ዓይን መድከሙ አይቀርም ብዬ ነው።

«ከየትም ሆነው ይሥሩ» ብላችሁ የላካችሁትን ፎቶ ልጄ አሳይታኛለች፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሰውየው ውሃ ዳር በገመድ አልጋ ተንጋሎ ኮምፒውተሩን ሆዱ ላይ አስቀምጧል። ልጄ ግን የምትሠራው የእኔ ኩሽና ውስጥ ነው፤ ኔትወርኩ ከዚያ መስኮት ሥር ካልሆነ አይዝም። «የትም» የምትሉት አገር ለካ ምድጃዬ አጠገብ ኖሯል።

አንደኛ ቅሬታዬ፣ እናንተ ስብሰባ ስትቀመጡ እኔ ሽንኩርት የምከትፈው መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው። ቧንቧ ስከፍት ውሃው እንዳይጮህ ከሥሩ ጨርቅ አነጥፋለሁ። አንድ ቀን የድስት ክዳን ቢያመልጠኝ ልጄ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኘው። ዝም ማለት ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ሞክሮ አልሆነለትም።

ሁለተኛ፣ ያቺ ኮምፒውተሯ ላይ የምትበራ አረንጓዴ መብራት። ልጄ ከወንበሯ ከተነሳች ቢጫ ትሆናለች፤ ቢጫ ስትሆን እርስዎ ያውቃሉ። ሕፃን ልጅ ግን መብራት አይቶ አይደለም ጡት የሚፈልገው። ባለፈው ማክሰኞ ልጇ ሲያለቅስባት ልታጠባ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ እኔም ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ማዳመጫዋን ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ ተቀመጥኩላት። ሰው እስካለ ድረስ መብራቷ ማን ነሽ አትልም። ወዲያው ስብሰባ ተከፈተና ፊታችሁ በየሳጥኑ ብቅ ብቅ አለ። ታዲያ ሰው ቤቴ መጥቶ ዝም ልበል? አንድ በአንድ ሰላም አልኳችሁ። የሚያስለውን ልጅ ደረትህን ሸፍን አልኩት። እርስዎንም ፀጉርዎ ሳስቷል፣ ሐሳብ አያብዙ ብዬ መከርኩ። አንዲቱ፣ ከአገር አገር እየዞረች የምትሠራው ናት አሉ፣ ሻንጣዋ ሳይፈታ ከኋላዋ ቆሟል፤ «እናትሽ ደኅና ናቸው?» ብላት ዓይኗን ጠረገች። «ካየኋት ቆየሁ፣ እማማ» ስትለኝ እርስዎ ድምፄን ዘጉት።

ከዚያ ለልጄ ደብዳቤ ጻፉላት። ጎረቤቴ ናት ያነበበችልኝ። «ያልተፈቀደላት ሰው በሥራ ቦታ ተገኝታለች» ይላል፤ እስከ ዓርብ ምክንያቷን ካላቀረበች ትሰናበታለች ይላል። ጌታዬ፣ የሥራ ቦታው እኮ ኩሽናዬ ነው። ግድግዳውን ባለቤቴ ነው በእጁ ያቆመው። ወንበሩም የእኔ ነው፤ አንድ እግሩ ስለሚወላገድ ካርቶን ያስደገፍኩትም እኔ ነኝ። በየት በኩል ብገባ ነው የሚፈቀድልኝ? እናንተስ ስትገቡ ማንን አስፈቀዳችሁ?

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ልመና ነው፤ እሱ ከጉሮሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው እስካሁን የቀባጠርኩት። ወንዶቹ ልጆቼ ሥራ ፍለጋ ወጥተው በዚያው ቀሩ። የልጅ ልጆቼን በስልክ ነው የማውቃቸው፤ ገና ስሜን ሳይጠሩ መስመሩ ይቆረጣል። ይቺ አንዷ አጠገቤ የቀረችው በእናንተ ሥራ ነው። ካባረራችኋት ልጇን አዝላ እሷም ትሄድብኛለች። ስለዚህ ኩሽናውንም ውሰዱት። ሽንኩርቴን መታጠቢያ ቤት እከትፋለሁ፣ ደጅ ውጪ ካላችሁኝም ደጅ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን በእኔ ስም ያዙሩልኝ።

ዕድሜና ጤና፣ የማይቆረጥ ኔትወርክም እየተመኘሁልዎ፣
አክባሪዎ፣ በገዛ ኩሽናዋ ፈቃድ የሌላት አሮጊት።

ማስታወሻ፦ ስለ ፀጉርዎ ያልኩትን ግን አልመልሰውም። ቆይ እስቲ፣ ጎረቤቴ ከበር እየጠራችኝ ነው። ኮምፒውተሩን ልውሰድ የሚል ሰው ከመሥሪያ ቤታችሁ ተልኮ መጥቷል ትላለች። ዓርብ እኮ ገና ነው ጌታዬ፤ ቅልጥፍናችሁ ይደነቃል። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና፣ ሥራችሁን እየሠራች ነው። ቀስ ብዬ ልውጣና ላነጋግረው፤ እሷ ገና አልሰማችም።