አማቴ ሲያርፉ በቀድሞ አማቻቸው ደጅ ስለ ተተከለው ድንኳን

ለተከበሩ ኦቦ ዋቆ፣
የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ፣
አምቦ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። እኔ የባለቤቴ የዱሬቲ እናት ወይዘሮ ጌጤነሽ ካረፉ ወዲህ ከማዘኔ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ሐዘኑንም በእድሩ ቸርነት ከሌላ ሰው ጋር ስለ ተካፈልኩት ሸክሙ ቀሎልኛል።

እኔ የሠራሁትን የእድሩን የአባላት መዝገብ ፕሮግራም ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ እንዲያዛውሩ ኦቦ ፈዬራን መምረጥዎና በጉባኤ ፊት ጋቢ መሸለምዎ የሚያስመሰግን ነው። የባለቤቴ የቀድሞ ባል መሆናቸው ለሥራው እንደማያሳንሳቸውም ተረድቻለሁ። ሆኖም በታላቅ አክብሮት የሚከተለውን አመለክታለሁ።

፩ኛ. ሁለቱ ሰርቨሮች ዝምድና የሚይዙበት መንገድ ይለያያል። አሮጌው፣ አንዲት ሴት በአዲሱ ባሏ ቤት ስትመዘገብ፣ ማንም ሳያዘው ከቀድሞ ባሏ ቤት ራሱ ያወጣት ነበር። አዲሱ የታዘዘውን ወገን ብቻ ያስተካክላል፤ ሌላው ወገን የባለሙያው ሥራ ነው። እኔና ዱሬቲ የተጋባነው ከዝውውሩ በኋላ ስለሆነ በእኔም ቤት ሚስት ሆነች፣ በኦቦ ፈዬራም ቤት ሚስት እንደሆነች ቀረች። ሰርቨሩን አልወቅስም፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ሰፈር ውስጥ ነበረ።

፪ኛ. አማቴ ሲያርፉ ፕሮግራሙ ድንኳን የሚተከልበትን የዱሬቲን ባል ቤት ሲፈልግ ቀድሞ የተመዘገበውን አገኘ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ሁሉ ኦቦ ፈዬራ ደጅ ወረደ፤ ለቅሶው እዚያ ነው የሚል መልእክትም በየአባሉ ስልክ ገባ። እኔ በሬ ላይ ለቀስተኛ ስጠብቅ አንድ ባጃጅ ቆሞ የኦቦ ፈዬራን ቤት ጠየቀኝ። አሳየሁት።

፫ኛ. እኔም እዚያ ስደርስ ኦቦ ፈዬራ እርስዎ በሸለሟቸው ጋቢ ተጠቅልለው፣ በአማች ቦታ ተቀምጠው፣ እግዜር ያጽናህ ሲባሉ አሜን ይላሉ። ደግሞም ያለቅሳሉ። ዱሬቲም ሐዘንተኛ ናትና ድንኳኑ ካለበት ከቀድሞ ባሏ ግቢ ተቀመጠች። አልደብቅዎትም፣ ቀንቻለሁ። እሳቸው አማቴን ከእኔ ይበልጥ ያውቋቸው ስለነበር እንባቸው የእውነት ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ከአግዳሚው ጫፍ ስቀመጥ አጠገቤ የተቀመጠው ለቀስተኛ ለሟች ምን እንደምሆን ጠየቀኝ።

እርስዎ ቀስ ብሎ ይስተካከላል ብለዋል። ነገር ግን ጌዶ ያሉት የዱሬቲ አባት ኦቦ ኤጄታ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ታመዋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን የመዝገቡ ሁለቱም ወገን ዛሬውኑ እንዲታረም እለምናለሁ።

በእድርዎ መዝገብ መሠረት ከዱሬቲ ባሎች አንዱ የሆንኩት፣
አክባሪዎ ጀቤሳ

ማስታወሻ፦ እርስዎም ወይዘሮ ሲንቄን ያገቡት ከዝውውሩ በኋላ መሆኑ አሁን ትዝ አለኝ። አማትዎን ፈጣሪ ያቆይልን፤ ለወይዘሮ ሲንቄ የቀድሞ ባል ግን ጋቢ ከወዲሁ ቢያዘጋጁላቸው መልካም ነው።